የአበባ ውሃ የጠጣችው ኮምፒዩተር

ሰኞ ጠዋት በቢር ላርንጅ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ከክልሉ ጽሕፈት ቤት የመጣ ደብዳቤ ተለጠፈ። ስድስት መስመር ነው። በስድስት መስመር ውስጥ ሦስት የፊደል ግድፈትና አንድ ነውር ተመቻችተው ተቀምጠዋል። ግድፈቶቹን እዚያው ቆሜ በእርሳስ አረምኳቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ታሪክ ያስተማረ እጅ እንዲህ ያለውን አይቶ አያልፍም። ነውሩ ግን በእርሳስ የሚታረም አልነበረም። «በመንዘል ዙዋሪ ነዋሪዎች ጥያቄ መሠረት» የአበባ ገበያችን ከዘንድሮ ጀምሮ ወደዚያች ጎረቤት ከተማ ይዛወራል ይላል። ተቃውሞ ያለው ሰው ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ማስረጃውን ይዞ በክልሉ አዳራሽ ይቅረብ።

ሦስት ቀን ሰጡን። የእድር ስብሰባ እንኳ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይሰጠዋል።

ሚያዝያ በገባ በሁለተኛው ሳምንት መራራው ብርቱካን ያብባል። ሴቶቹ ጤዛው ሳይረግፍ ከዛፉ ሥር አንሶላ ዘርግተው ይለቅማሉ፤ ረፋድ ላይ በከተማችን በር ባለው አደባባይ ያስመዝናሉ፤ ቀትር ሳይሆን አበባው ከመዳብ ድስት ይገባና ውሃው መንጠብጠብ ይጀምራል። የተለቀመ አበባ ፀሐይ አይችልም። ይህን የማያውቅ ሰው በልሳነ ምድራችን ላይ ቢኖር የክልሉ ሹም ብቻ ነው። ገበያው ሰባት ኪሎ ሜትር ከራቀ ግማሹ አበባ መንገድ ላይ ይጠወልጋል፣ አደባባዩ ባዶውን ይቀራል፣ ከተማችን በዓመት አንድ ጊዜ የምትስቅባቸው ሦስት ሳምንታት አበቁ ማለት ነው።

እኔ ግን ለእንዲህ ያለው ቀን የተዘጋጀሁ ሰው ነኝ፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየዓርቡ በኢንተርኔት ገጼ ላይ እጽፋለሁ። የምጽፈው ስለ ሦስት ነገር ነው፤ ከተማችን ውስጥ ስለሆነው፣ የክልሉ ሹማምንት ስላበላሹት፣ እና ኮምፒዩተር እንዴት እንደሚያዝ። ሦስተኛው ብዙ ሰው ያስቃል። ይሳቁ። መሣሪያውን የማይጠብቅ ሰው ሐሳቡንም አይጠብቅም ብዬ አምናለሁ። ማራገቢያዋን በወር አንዴ በብሩሽ ጥረጉ፣ ጽሑፋችሁን ሁለት ቦታ ቅዱ፣ መጋረጃ ሥር አታስቀምጧት እያልኩ ስንት ዓርብ ጮኬአለሁ። አንባቢዎቼ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። የማን ሰዎች እንደሆኑ አላውቅም ነበር፤ የቢር ላርንጅ ልጆች ናቸው ብዬ በኩራት ገምቼ ተቀምጫለሁ።

ማስረጃውም ነበረኝ። በእነዚያ ዓመታት አርባ ሰባት አሮጊቶች ስለ ገበያው ያወሩትን በድምፅ ቀድቻለሁ። ስልሳ የድሮ ፎቶግራፎችንም ከየቤቱ ለምኜ ኮምፒዩተሯ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ለባለቤቶቹ መልሻለሁ፤ ዛሬ ግማሾቹ ቱኒስ ወይም ስፋክስ ልጆቻቸው ዘንድ ናቸው። በዚህ ላይ ከሰኞ ከሰዓት እስከ ማክሰኞ ቀትር ቁጭ ብዬ አሥራ ሁለት ገጽ ተቃውሞ ጻፍኩ። ስምንቱ ገጽ ስለ ገበያው ነው። አራቱ ስለ መንዘል ዙዋሪ ነው።

ስለ መንዘል ዙዋሪ አራት ገጽ ይበዛል የሚል ሰው የዚያን ዕለት ኳሷን አላያትም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት በእነሱ ሜዳ ለዋንጫ ስንጫወት ጎላችንን ከጨዋታ ውጪ ተብሎ ሻሩብን። እኔ የቡድናችን ጸሐፊ ነበርኩ፣ መስመሩ ላይ ቆሜ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ከተማ እግሬ አልረገጠም። ባለፈው ዓርብ ደግሞ ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ስለደረሰኝ «የመንዘል ሰው አበባን ከጥቅል ጎመን አይለይም» ብዬ ጽፌ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን ወድጄው ስለነበር በተቃውሞውም ውስጥ ደገምኩት።

ማክሰኞ ቀትር ላይ ጽሑፉን ጨርሼ፣ ኮምፒዩተሯን ሳላጠፋ፣ የጎመኗን ዓረፍተ ነገር የካርታውን ሽኮባ ለሚጫወቱት ሰዎች በቃሌ ላነብላቸው ቡና ቤት ሄድኩ። ካርታቸውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ ሳቁልኝ። ደስ ብሎኝ ስመለስ የቤቱ በር ገና ሳይከፈት የሠርግ ሽታ ሸተተኝ።

ደለንዳ ታላቅ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ አብረን እንኖራለን። የእናታችንን የብር መርጫ በእጇ ይዛ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆማለች። ኮምፒዩተሯ ፀጥ ብላለች። ግንባሯ ላይ፣ ማለቴ ስክሪኗ ላይ፣ እርጥብ መሀረብ ተደርጎላታል።

«ምን አደረግሽ?» አልኩ።

«ትኩሳት ይዟት ነበር። አንተ እንደወጣህ ማቃሰት ጀመረች። እጄን ጣል ባደርግባት እሳት ሆናለች። ረጨሁላት።»

«የት ነው የረጨሽው?»

«በምትተነፍስበት በኩል ነዋ። ጀርባዋ ላይ።»

ቁልፉን ተጫንኩ። ምንም የለም። ደግሜ ተጫንኩ። ከማራገቢያዋ በኩል አንድ ጠብታ ወርዶ ጠረጴዛው ላይ አረፈ፤ ሽታው ልብ ያውዳል።

«ደለንዳ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነገር ላይ ውሃ ይደፋል?»

«ውሃ አይደለም፣ የአበባ ውሃ ነው። ያውም ያምናው የመጀመሪያ ጠብታ። ላንተ እንኳ ከሱ ሰጥቼህ አላውቅም።»

ጮህኩ። ምን እንዳልኩ አልደግመውም። ስጨርስ እሷ በእርጋታ መርጫውን አስቀመጠችና ወገቧን ይዛ አየችኝ። «አንተ አይደለህ የጻፍከው? ዓምና ሚያዝያ ቁጭ አድርገህ አነበብክልኝ። የቢር ላርንጅ አበባ የጋለውን ሁሉ ያበርዳል፣ ከራስ ምታት እስከ ሹም ቁጣ፣ ብለህ። ወይስ ውሸት ነበር?»

ጽፌዋለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ቃሌን እንዲህ አምኖ በሥራ ያዋለው አንድ አንባቢ ቢኖር እህቴ ናት። ጥፋቱም የእሷ አልነበረም። ማራገቢያዋን ከረመዳን በፊት ጀምሮ አልጠረግኳትም፤ አቧራ ጠጥታ ነው የጋለችው። ሁለት ቦታ ቅዱ ያልኩትንም ራሴ አልቀዳሁም። አሥራ ሁለቱ ገጽ፣ አርባ ሰባቱ ድምፅ፣ ስልሳው ፎቶግራፍ፣ ሁሉም እዚያች በአበባ ውሃ በሰከረች ሣጥን ውስጥ ናቸው። ለሐሙስ የቀረኝ አንድ ቀን ተኩል ነው። ያለ እነሱ አዳራሹ ውስጥ የምቆመው አንድ የተቆጣ ሽማግሌ ሆኜ ብቻ ነው፤ እንደዚያ ዓይነቱን ደግሞ ክልሉ በየቀኑ ያያል።

የከተማችን ኮምፒዩተር ጠጋኝ ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ጀርመን ሄዷል። ሌላ ጠጋኝ ያለው በአንድ ቦታ ብቻ ነው። ላምጀድ ይባላል፤ ሱቁ መንዘል ዙዋሪ ነው።

አልሄድም አልኩ። ደለንዳ ረቡዕ ጠዋት ነጭ ሰፍሳሪዋን ተከናንባ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ኮምፒዩተሯን በልጅ ብርድ ልብስ ጠቅልላታለች፤ በሌላው እጇ አንድ ጠርሙስ የአበባ ውሃ ይዛለች።

«ደግሞ ልትረጪባት ነው?»

«ለሰውየው ስጦታ ነው። ባዶ እጅ አይኬድም። አንተ ካፈርክ ውጪ ቁም፤ እሷ እኮ ማንንም አልሰደበችም።»

ሉዋጁ፣ የመንገዳችን ታክሲ፣ ስምንት ተሳፋሪ ሳይሞላ አይነሣም። ሌሎቹ ስድስቱ ሽታውን አሽትተው ማን ነው የሚያገባው ብለው ጠየቁ። ደለንዳ ለሁሉም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወተቻቸው። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት «እኔንም ቢረጩኝ ይሻለኝ ነበር፣ ፊቴ በሙቀት ቀልቷል» አለች። መንዘል እስክንደርስ በመስኮት አየሁ።

ላምጀድ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሚሰቅል፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ስሜን አልነገርኩትም። የኮምፒዩተሯን ክዳን በአራት ብሎን ፈትቶ አነሣና አፍንጫውን አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ያምና ነው» አለ። «የመጀመሪያው ጠብታ። እሳቱን ያላስቸኮለ እጅ ያወጣው ነው።» ከዚያ ወደ ደለንዳ ዞሮ፣ «የእርስዎ እጅ ነው፣ ላላ?» አላት፤ «እመቤቴ» ማለቱ ነው።

ደለንዳ እንደ ልጃገረድ ሣቀች። እኔ ስለ ጎመን የጻፍኩት ትዝ አለኝና አንገቴን ወደ ኮሌታዬ ሰበሰብኩ።

«እርስዎ ደግሞ ሲ ሸድሊ ነዎት» አለኝ፣ «ሲ» የምትለዋን አክብሮት ሳይነፍገኝ፣ ዓይኑንም ከማሽኗ ሳያነሣ። «አበባን ከጎመን የማንለየው እኛ ነን።»

ጦርነቱን ለመጀመር አፌን ከፈትኩ። እሱ ግን በዊንጩ ጫፍ ወደ ግድግዳው አመለከተ። ባለፈው ዓርብ የጻፍኩት በወረቀት ታትሞ ተለጥፏል። ከጎኑ የመጋቢቱ፣ ከሱ ጎን የየካቲቱ። በህዳጋቸው ላይ በተለያየ የእጅ ጽሑፍ አስተያየት ተጽፎባቸዋል፦ «እዚህ ጋ ዋሽቷል»፣ «ይሄ ልክ ነው»፣ «ከዚህኛው ይልቅ የድልድዩ ይሻል ነበር»።

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አንባቢ አለኝ ብለው ጽፈው የለ?» አለ ላምጀድ። «ሁለት መቶው እኛ ነን። ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ እዚህ ሱቅ በር ላይ ተሰብስበን ነው የምንናደደው። እርስዎ የታመሙ ሳምንት ከተማው ጭር ይላል።»

ወደ ግድግዳው ጠጋ ብዬ በህዳጎቹ ላይ ያሉትን የእጅ ጽሑፎች አንድ በአንድ አየሁ። ደለንዳ ግን ወደ እሱ ዞረች። «እኔም እናደዳለሁ» አለችው። «ግን እኔ ከዚያ በኋላ እራት አበላዋለሁ።»

ላምጀድ ምርመራውን ጨርሶ ፍርዱን ሰጠ። ማራገቢያዋና የኃይል ማስገቢያዋ ሞተዋል። ሃርድ ዲስኳ የምትድን ይመስለዋል፤ ግን ቦርዷ በአልኮል ታጥቦ እስኪደርቅ ድረስ ምሎ አይናገርም። አቧራውን በብሩሽ ሲያወጣ የጠረጴዛውን ግማሽ ሸፈነ። ከዚያ ቀና ብሎ ስለ ማራገቢያ ጠረጋ የጻፍኩትን የየካቲቱን ወረቀት አየ። ከዚህ በላይ ስድብ ደርሶብኝ አያውቅም።

እስክትደርቅ ድረስ የገበያ ቦታ ተብሎ የተመረጠውን አይተውት ያውቃሉ ወይ አለኝ። አላየሁትም። ወሰደን። ከሱቁ ሁለት መቶ እርምጃ ሄደን አንድ አጥር ዞርን፤ እግሬ ቀጥ አለ። ሜዳው ነው። ያ ሜዳ። ጎሉ ራሱ ቆሟል፤ መረቡ ብቻ አዲስ ነው። በመስመሩ ላይ ቀይ ካስማዎች ተተክለዋል፣ ሲሚንቶ የሚፈስበትን ወሰን ለማሳየት።

«እዚህ ላይ ነው ገበያችሁን የሚያቆሙት» አለ ላምጀድ። «ሜዳችንን ደፍነው። እናንተ ጠልታችሁ ስለጣላችሁት።»

«ማን ነው የጣለው?»

ከኪሱ ደብዳቤ አውጥቶ ሰጠኝ። ያው የክልሉ ጽሕፈት ቤት፣ ያው ፊርማ። «ቢር ላርንጅ ገበያውን መያዝ ስላልቻለች» ይላል። ለእኛ እነሱ ጠየቁ አሉን፣ ለእነሱ ደግሞ እኛ ተውነው አሏቸው። እኔም ይህን የልጅ ማታለያ ሁለት ጊዜ ሳላነብ ውጬ አራት ገጽ ጻፍኩ። ተማሪ እንዲህ ቢያደርግ ከክፍል አስወጣው ነበር።

ሁለታችንም አንድ ላይ ተቆጣን። በሕይወቴ ብዙ ተቆጥቻለሁ፤ ሌላ ሰው ከጎኔ ቆሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲቆጣ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ይላል። ከካስማዎቹ አንዱን ነቅዬ ወረወርኩት፤ ላምጀድ አንሥቶ መልሶ ተከለው። «ነገ ማስረጃ ነው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ዲስኳን ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አገናኘ። ስክሪኑ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቆየ። ደለንዳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው፤ እኔ የወንበሩን ጀርባ ጨብጫለሁ። ከዚያ የፋይሎቼ ስም አንድ በአንድ ወረደ። ድምፆቹ አሉ። ፎቶግራፎቹ አሉ። አሥራ ሁለቱም ገጽ አለ።

አራቱ ገጽ ግን ሐሙስ ሊነበብ እንደማይችል ግልጽ ነበር። ላምጀድ ጮክ ብሎ አነበባቸው። ጎረቤቶቹም ሊሰሙ ገቡ። በየአንቀጹ መጨረሻ እኔ «ሰርዘው» እላለሁ፤ እነሱ ግን አንዳንዱን ጥሩ ነው ብለው ቆይ ይላሉ። ስለ ማዘጋጃ ቤታቸው ሰዓት የጻፍኩት ሁለት ጊዜ ተነበበ፤ እውነትም ሰዓቱ ከስድስት ዓመት በፊት ነው የቆመው። ጎመኗ ላይ ስንደርስ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰርዛት» አልኩ፣ ጥርሱ እንደሚነቀልበት ሰው።

ላምጀድ ሰረዛት። ከዚያ ስለ ዳኛው የጻፍኩት መጣና አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «ይቺን ከዚህ እናውጣት፤ ግን ለራስዎ ያስቀምጧት» አለ በዝቅተኛ ድምፅ። «እኔ በረኛው ነበርኩ። ኳሷ ጎል ነበረች።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ደለንዳ ክንዴን ባትይዘው ኖሮ አቅፌው የማለቅስ ይመስለኝ ነበር።

ሐሙስ በአራት ሰዓት የክልሉ አዳራሽ ወንበሮች በሁለት ወገን ተደርድረው፣ መካከላቸው ገመድ ተወጥሮ፣ አራት ጠባቂዎች ቆመው ጠበቁን። እንድንቧቀስ ተዘጋጅተውልናል። የቢር ላርንጅ ሰው በሦስት አውቶቡስ፣ የመንዘል ሰው በትራክተር ተጎታች መጣ። ደለንዳ ገመዱን ከፍ አድርጋ ሾልካ ከመንዘል ሴቶች መካከል ተቀመጠች። ከዚያ ሁሉም ተደባለቀ። ገመዱን አንዲት ሴት ፈትታ ዘንቢሏን አሠረችበት።

ሰብሳቢው ተቃዋሚው ወገን ይነሣ አለ። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። እንግዲያው ገበያው ይዛወር ብሎ የጠየቀው ወገን ይነሣ አለ። የተነሣ የለም። ወደ ጸሐፊው ዞረ፤ ጸሐፊው ወደ ወረቀቱ ዞረ። ስምንቱን ገጽ አነበብኩ። ማንንም አልሰደብኩም፤ ሰብሳቢውን እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነካሁት። ላምጀድ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ግድግዳው ላይ በብርሃን አሳየ። ሳቁ ከኋላ ወንበር ጀምሮ ወደ ፊት መጣ። ከዚያ ድምፆቹን ከፈተ። አደባባያችን ላይ የቀዳኋት አንዲት አሮጊት ሙሽራ ሳለች በሌሊት ተነሥታ ከመንዘል አበባ ተሸክማ ወደ አደባባያችን ትመጣ እንደነበር፣ ስታስመዝን የቢር ላርንጅ ሴቶች በጣቡና ምድጃ የተጋገረ ትኩስ ዳቦና ዘይት እያቀረቡ ያበሏት እንደነበር ትናገራለች። ከመንዘል ሴቶች መካከል አንዲቷ ተነሥታ፣ «እኔ እኮ ነኝ፤ ዳቦው ግን አሮ ነበር» አለች።

ሰብሳቢው ደብዳቤው ተስቧል አለ። ለተጨማሪ ጥናት አላለም፤ ሊል አስቦ ነበር፣ አፉ ሲከፈት አይቻለሁ፣ ግን ሰውን አየና ተስቧል አለ። አዲሱ ደብዳቤ በማግሥቱ በማዘጋጃ ቤታችን በር ላይ ተለጠፈ። ሁለት ግድፈት ነበረበት። እርሳሴን አወጣሁ፤ አንዱን አረምኩና ሌላውን ደስታዬን እንዳያበላሽብኝ ተውኩት።

አበባው በሳምንቱ ፈነዳ። አደባባዩ በአንሶላ ነጣ፣ ሚዛኖቹ ተሰቀሉ፤ ደለንዳ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ጠብታ ለሁለት ጠርሙስ አካፈለችው፤ አንዱ ለላምጀድ። ኮምፒዩተሯ አዲስ ማራገቢያ ገብቶላት ተመልሳለች። ስትግል ዛሬም ትሸታለች፤ ስለዚህ ብሩሽ የሚያስፈልጋትን ቀን በአፍንጫዬ ነው የማውቀው። ጽሑፌንም ሁለት ቦታ እቀዳለሁ፤ ሁለተኛው ቅጂ ላምጀድ ሱቅ ነው ያለው።

ሁለት ዓርብ በመንዘል ላይ አንድ ክፉ ቃል ሳልጽፍ አለፈ። በሦስተኛው ሐሙስ በሬ ተንኳኳ። ላምጀድ ሦስት ጎረቤቶቹን አስከትሎ ቆሟል። አይቀመጡም አሉ፤ መልእክት ብቻ ነው።

«ሲ ሸድሊ፣ ሰው ተቆጥቷል» አለኝ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ አመሰገኑን። ምን በደልንዎት?»

ሰላም ስለሆንን ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ። «ሰላሙን ለበዓል ያድርጉት» አለ። «ለዓርብ የምንናደድበት እንፈልጋለን። የማዘጋጃ ቤታችን ሰዓት እኮ ዛሬም እንደቆመ ነው።»

ሸኝቻቸው ገባሁ። ደለንዳ ኮምፒዩተሯን አስቀድማ አብርታልኝ ነበር፤ መርጫውን ደግሞ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ተቀመጥኩ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ከቆመው ሰዓታቸው ጀመርኩ።